ሥርዓት ፈላጊ አእምሮ፦ ኦቲዝምና ምህንድስና የሚገናኙበት ቦታ

በጉለሌ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የሕፃናት የአእምሮ ጤና ክሊኒክ አለው። «ልጄ አይናገርም»፣ «ስሙን ስጠራው ዞር አይልም»፣ «ቆርኪ እየደረደረ ይውላል» የሚሉ እናቶችና አባቶች ልጃቸውን ይዘው ወደዚያ ይሄዳሉ። በ2016 የታተመ አንድ ጥናት በዚህ ክሊኒክና በየካቲት 12 ሆስፒታል ክሊኒክ የተገኙ 102 አሳዳጊዎችን አነጋግሮ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሁሉም ኦቲዝም ወይም የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ልጆች የሚያሳድጉ ናቸው። ከኢትዮጵያውያኑ አጥኚዎች ጋር አብረው የሠሩት ዶክተር ሮዛ ሁክስትራ፣ ከዚያ አራት ዓመት ቀደም ብሎ በታተመ ሌላ ጥናት ላይም ስማቸው አለ። ያኛው ጥናት የተካሄደው በሆላንድ ሲሆን፣ ጥያቄውም መሐንዲሶች በብዛት በሚኖሩበት ከተማ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ቁጥር ከፍ ይላል ወይ የሚል ነበር።

ሁለቱ ጥናቶች ጎን ለጎን ሲቀመጡ የሚዛመዱ አይመስሉም። አንዱ እፍረትንና ድካምን ይመዘግባል፤ ሌላው ሙያንና ቁጥርን። ነገር ግን የሚናገሩት ስለ አንድ ዓይነት አእምሮ ነው። ነገሩን ከመነሻው እንየው።

ኦቲዝም ከልደት ጀምሮ የሚኖር የአንጎል እድገት ልዩነት ነው። ሁለት ዋና ዋና ገጽታዎች አሉት። የመጀመሪያው ከሰው ጋር በመግባባት ረገድ የሚታይ ችግር ነው፤ ዓይን አይቶ ስሜትን መረዳት፣ ተራ ጠብቆ መጫወት፣ የተነገረውን ከነቅኔው መያዝ ይከብዳል። ሁለተኛው የተደጋጋሚነት ዝንባሌ ነው፤ አንድን ነገር ደጋግሞ ማድረግ፣ በአንድ ጉዳይ ላይ በጥልቀት መጠመድ፣ የተለመደው ሲለወጥ መረበሽ። ድምፅ፣ ብርሃን ወይም የልብስ መኮስኮስ ከልክ በላይ የሚሰማቸውም ብዙዎች ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ለዓመታት የጠቀሰው ግምት ከመቶ ልጆች አንዱ ኦቲዝም አለበት የሚል ነው። መንስኤው በአብዛኛው በዘር የሚተላለፍ ሲሆን፣ የሚሠራውም አንድ ጂን ብቻውን ሳይሆን የብዙ ጂኖች ድምር ነው።

ሁኔታውን በሕክምና ጽሑፍ ቀድመው ከገለጹት አንዷ በ1920ዎቹ አጋማሽ ስድስት ወንዶች ልጆችን ያጠኑት የሞስኮዋ ሐኪም ግሩንያ ሱካሬቫ ናቸው። ሥራቸው ግን ለረጅም ጊዜ ተረስቶ ኖሯል። ዓለም የሚያስታውሰው በ1943 አሜሪካ ውስጥ የአሥራ አንድ ልጆችን ታሪክ ያሳተሙትን ሊዮ ካነርን ነው። ከእነዚያ ልጆች የመጀመሪያው ዶናልድ ትሪፕሌት ክብ ዕቃዎችን እያሽከረከረ የሚደሰት፣ በቁጥር የተመሰጠ ልጅ ነበር፤ አድጎም ዕድሜውን በባንክ ሠራተኝነት ኖሮ በ2023 አረፈ። ካነር የልጆቹ ወላጆች በብዛት የተማሩ መሆናቸውን አስተውለዋል። ከዚህ አስተያየት በኋላ ጥፋቱ ወደ እናቶች ዞረና፣ ልጁ የታመመው እናቱ ፍቅር ነፍጋው ነው የሚል ትምህርት ለሁለት አሥርት ዓመታት ያህል ተሰራጨ። ስሕተት መሆኑ ተረጋግጧል፤ የተጎዱት እናቶች ግን ብዙ ናቸው።

በ1944 የቪየናው ሐኪም ሐንስ አስፐርገር ቋንቋቸው የተሟላ፣ ነገር ግን ከእኩዮቻቸው ጋር መግባባት የተቸገሩ አራት ወንዶች ልጆችን ገለጹ። እንዲህ ያሉ ልጆች በሒሳብ፣ በተፈጥሮ ሳይንስና በቴክኒክ ልዩ ተሰጥኦ ሊያሳዩ እንደሚችሉም ጻፉ። (እኚሁ ሐኪም በናዚ ዘመን ሕፃናት ይገደሉበት ወደነበረ ተቋም ልጆችን መላካቸው በ2018 በታተመ የታሪክ ጥናት ተጋልጧል፤ ስማቸው ሲነሣ ይህም አብሮ መነሣት አለበት።) በኦቲዝምና በምህንድስና መካከል ግንኙነት ሳይኖር አይቀርም የሚለው ጥርጣሬ እንግዲህ ከመነሻው አብሮ የኖረ ነው።

ጥርጣሬውን በቁጥር የፈተኑት የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲው ሳይመን ባረን-ኮኸንና ባልደረቦቻቸው ናቸው። በ1997 ባሳተሙት ጥናት ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች አባቶችና አያቶች ምን ይሠሩ እንደነበር ጠየቁ። ከንጽጽሩ ቡድን ጋር ሲታይ በመካከላቸው መሐንዲስ የመገኘቱ ዕድል እጥፍ ያህል ሆነ። በማግስቱ ዓመት ክሪስቶፈር ጃሮልድና ዴቪድ ሩት የተባሉ ተመራማሪዎች መረጃውን ዳግም መርምረው፣ ከመሐንዲሶች ሌላ የሒሳብ አያያዝ ባለሙያዎችና ሳይንቲስቶችም በዝተው እንደሚገኙ አሳዩ። እንግዲያው የተቆጠረው መሐንዲስነት ነው ወይስ መማር? የተማረ ወላጅ ልጁን ቶሎ ወደ ሐኪም ስለሚወስድ የተፈጠረ ብልጫስ ቢሆን? ተገቢ ጥያቄ ነው።

የሆላንዱ ጥናት የተነሣው ይህን ለማጥራት ነው። አይንድሆቨን በ1891 የተመሠረተው የፊሊፕስ ኩባንያ የትውልድ ከተማ ናት፤ የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲም አላት። በጥናቱ ጊዜ በአካባቢዋ ከነበሩት ሥራዎች 30 ከመቶ ያህሉ የቴክኖሎጂና የኮምፒዩተር ሙያዎች ነበሩ። በሐርለምና በዩትሬክት ግን ድርሻቸው 16 እና 17 ከመቶ ነበር። አጥኚዎቹ በሦስቱ አካባቢዎች ትምህርት ቤቶች የሚማሩ ከ62,000 በላይ ልጆችን መዝገብ ሰበሰቡ። በአይንድሆቨን ከ10,000 ልጆች 229ኙ፣ በሐርለም 84ቱ፣ በዩትሬክት 57ቱ ኦቲዝም እንዳለባቸው ተመዝግቦ ተገኘ። ልዩነቱ የምርመራ ብልጫ ብቻ ቢሆን ኖሮ በሌሎች የእድገት ችግሮችም መታየት ነበረበት። አጥኚዎቹ ትኩረት ማጣትን የመሰሉ ችግሮችንም አብረው ቆጠሩ፤ በእነዚያ ግን ሦስቱ አካባቢዎች ተቀራረቡ። ይህ ጉዳዩን ሙሉ በሙሉ አይዘጋውም፤ ቢሆንም ሚዛኑን ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። በ2018 ግማሽ ሚሊዮን የሚያህሉ ሰዎች መጠይቅ የሞሉበት ጥናትም በሳይንስ፣ በቴክኖሎጂና በምህንድስና ሙያ የሚሠሩ ሰዎች፣ ምርመራ የሌላቸውም ጭምር፣ የኦቲዝም ጠባያትን በመጠኑ ከፍ አድርገው እንደሚያሳዩ አረጋግጧል። በመጠኑ የሚለው ቃል ይሰመርበት።

ታዲያ ሁለቱን የሚያገናኛቸው ምንድን ነው? ባረን-ኮኸን የሚሰጡት መልስ ሥርዓት ፈላጊነት ነው፤ ይህም ማለት ነገሮች የሚሠሩበትን ሕግ ለማግኘት የሚገፋፋ ዝንባሌ ነው። በዚያው በጉለሌ ወደ ሽሮ ሜዳ ወጣ ብሎ ጥለት የሚያወጣን ሽማኔ ማየት ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። ሽማኔው ይህን ያህል ድር ካነሣሁ፣ በመካከሉም ይህን ቀለም ማግ ካሳለፍኩ፣ ይህ ቅርጽ ይወጣል ብሎ ይቆጥራል። አንድ ድር ከተሳሳተ ጥለቱ ይበላሻል፤ ስለዚህ ዓይኑ ከጠቅላላው ቀሚስ ይልቅ በአንዲቱ ክር ላይ ነው። ይህ ካለ፣ ያም ከተጨመረ፣ እንዲህ ይሆናል የሚለው አስተሳሰብ የምህንድስና ሁሉ መሠረት ነው። ቆርኪ በቀለም የሚደረድረው፣ የቬንትሌተር ዙረት ሲመለከት የሚውለው፣ ሪሞት ፈታትቶ ባትሪውን የሚያገላብጠው ልጅም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ሰው የማይገመት ነው፤ ማብሪያ ማጥፊያ ግን ሁልጊዜ ቃሉን ይጠብቃል።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። አሚታ ሻህና ዩታ ፍሪዝ በ1983 ባሳተሙት ሙከራ፣ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች በትልቅ ሥዕል ውስጥ የተደበቀ ትንሽ ቅርጽ በማግኘት ጥሩ ችሎታ አሳይተዋል። በ2007 ደግሞ ሚሼል ዶውሰንና ሎራን ሞትሮን ከባልደረቦቻቸው ጋር በካናዳ ሌላ ነገር አሳዩ። ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ንግግር በሚጠይቀው የተለመደ የአእምሮ ፈተና ዝቅተኛ ውጤት ያመጣሉ፤ በቅርጽ ብቻ በሚሠራው የሬቨን ፈተና ግን ውጤታቸው በእጅጉ ከፍ ይላል። ንግግርን ብቻ መለኪያ ያደረገ መምህር ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል ከዚህ መገመት አያዳግትም።

በዓለም ከታወቁት ምሳሌዎች ለእኛ፣ ከብት አርቢ ለሆነው ሕዝብ፣ ቶሎ የሚገባን የቴምፕል ግራንዲን ታሪክ ይመስለኛል። በ1947 ቦስተን ተወለደች። እስከ አራት ዓመቷ ገደማ አልተናገረችም፤ ወደ ማቆያ ትግባ ሲባል እናቷ እምቢ ብላ አስተማሪ ቀጠረችላት። አድጋ ወደ ከብት እርባታ ስትገባ፣ ሰው ሁሉ «ከብቶቹ አስቸገሩ» ሲል እሷ ከብቶቹ በሚነዱበት ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ገብታ በእነሱ ቁመት ተመለከተች። የሚያስደነግጣቸው የተንጠለጠለ ሰንሰለት፣ የጥላ መስመር፣ የሚያብረቀርቅ ውኃ መሆኑን አየች። ከብት ወደ መጣበት መዞር እንደሚወድ አስተውላም ክብ የሚሠራ መተላለፊያ ነደፈች። በአሜሪካና በካናዳ ለእርድ ከሚነዱት ከብቶች ግማሽ ያህሉ እሷ በነደፈችው መሣሪያ ውስጥ ያልፋሉ፤ እሷም በኮሎራዶ የዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ናት። የምታስበው በቃል ሳይሆን በሥዕል መሆኑን፣ አንድን ማሽን ከመሠራቱ በፊት በአእምሮዋ አንቀሳቅሳ እንደምትፈትነው ጽፋለች። የእናቷ አባት ጆን ፐርቪስ አውሮፕላን በራሱ አቅጣጫ የሚጠብቅበትን መሣሪያ ከፈለሰፉት ሰዎች አንዱ መሐንዲስ ነበር። የካምብሪጁ ጥናት አያቶችንም የጠየቀው በከንቱ አልነበረም።

እዚህ ላይ ግን ወላጅ እንዳይታለል እሰጋለሁ። ፊልሞች ኦቲዝምን ሁሉ የሊቅነት ምልክት አድርገው ያሳያሉ፤ እውነታው ሰፊ ነው። ኦቲዝም ካለባቸው ሰዎች ሢሶ ያህሉ የአእምሮ እድገት ውስንነትም አለባቸው። ዕድሜ ልካቸውን በቂ ንግግር የማያገኙም ጥቂት አይደሉም። ለእነዚህ ልጆች ልብስ ራስን ችሎ መልበስና ሲያምም ማመልከት ትልቅ ትምህርት ነው፤ ክብራቸውም በሊቅነት አይለካም። በ2013 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ሁለቱንም ገጽ ያሳያል። ኦቲዝም ካለባቸው ወጣቶች ኮሌጅ ከገቡት 34 ከመቶው ሳይንስ፣ ቴክኖሎጂ፣ ምህንድስና ወይም ሒሳብ መርጠዋል፤ በአጠቃላይ ተማሪዎች ዘንድ ይህ 23 ከመቶ አካባቢ ነው። ነገር ግን ኮሌጅ የደረሱት ራሳቸው ሢሶ ያህል ብቻ ነበሩ።

በአገራችን መንገዱን የከፈቱት አንዲት እናት ናቸው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በውበት ሙያ የታወቁ ነጋዴ ነበሩ። ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ሲያጡ በ2002 ኒያ ፋውንዴሽንንና ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን በአዲስ አበባ አቋቋሙ። በፊደላችን የድምፅ አሠራር ላይ የተመሠረተ አቡጊዳ ፎኔቲክስ የተባለ የንግግር ማስተማሪያ ዘዴም ነደፉ። የፊደል ገበታችን ራሱ ሥርዓት ነው፤ አንዱ ተነባቢ በሰባት መልክ፣ በተራ፣ ሳይዛነፍ ይመጣል። ሥርዓት ለሚወድ አእምሮ ከዚህ የተሻለ መግቢያ ማግኘት ያስቸግራል። ወይዘሮ ዘሚ በ2021 እስኪያርፉ ድረስ ስለ ኦቲዝም በአደባባይ መናገር አላቋረጡም። ከጆይ ማዕከል በኋላ ወላጆች ተሰባስበው ያቋቋሙት ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም በአዲስ አበባ ይሠራል።

አሁን ወደ 102ቱ አሳዳጊዎች ልመለስ። ከመካከላቸው 45 ከመቶው በልጃቸው ሁኔታ ያፍሩ ነበር፤ ከሩብ በላይ የሚሆኑትም ነገሩን ሰው እንዳያውቅ ይጥሩ ነበር። መንስኤውን ሲጠየቁ የጭንቅላት ጉዳትን ወይም የወሊድ ችግርን የጠቀሱ አሉ፤ መንፈስን ወይም ኃጢአትን የጠቀሱም አሉ። ሁለቱንም አጣምረው የጠቀሱም ነበሩ። እንዲህ ባለ ሁኔታ ልጁ በቤት ተደብቆ ይቀራል፤ የሚደረድረውን ቆርኪ አይቶ «ይህ ልጅ ቁጥር ይወዳል» የሚል መምህር አያገኝም። በሌላ ወገን ደግሞ ንግግሩ የተሟላው፣ በሒሳብ አንደኛ የሚወጣው፣ በእረፍት ሰዓት ብቻውን የሚቆመው ተማሪ «ዝምተኛ» ወይም «ኩሩ» ተብሎ ያልፋል እንጂ ክሊኒክ አይደርስም። የአይንድሆቨን ልጆች የተቆጠሩት በየትምህርት ቤቱ ያያቸው ሰው ስለነበረ ነው።

ተስፋ የሚሰጥ ሥራም ተጀምሯል። ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ስለ ኦቲዝም የተሰጠ አጭር ሥልጠና የተሳሳተ እምነታቸውን እንደቀነሰና ልጆቹን ለመቅረብ ያላቸውን ፈቃደኝነት እንደጨመረ በአገራችን የተካሄደ ጥናት አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ለወላጆች ያዘጋጀው የእንክብካቤ ክህሎት ሥልጠናም ለኢትዮጵያ ተስማምቶ ተሞክሯል።

ልጅዎ በአንድ ዓመቱ ስሙ ሲጠራ ዞር የማይል ከሆነ፣ በዓመት ከመንፈቅ የሚፈልገውን በጣቱ የማያመለክት ከሆነ፣ በሁለት ዓመቱ ሁለት ቃል አገናኝቶ የማይናገር ከሆነ፣ ጊዜ ሳይፈጁ በአቅራቢያዎ ወዳለው ጤና ጣቢያ ይውሰዱት፤ ከዚያም ወደ ቅዱስ ጳውሎስ ወይም ወደ የካቲት 12 ይላኩልኝ ብለው ይጠይቁ። ጠበል የሚያስጠምቁትም ቢሆኑ ምርመራውን ከጸሎቱ ጎን ያስኪዱት። መምህራንም የልጁን ደካማ ጎን ከመዘገቡ በኋላ በሌላ መስመር አንድ ነገር ይጨምሩ፦ ይህ ልጅ ብቻውን ሲተው ምን ይፈታል፣ ምን ይገጣጥማል? ትምህርቱን ከዚያ ይጀምሩለት።