ከአንድ መርከብ መሥሪያ የምትበላ ከተማ

ታንኳ ከደንገል ይሠራል። ጣና ዳር ያለ ሰው ደንገሉን ያጭዳል፣ ያደርቃል፣ አጥብቆ ያስራል፣ ከዚያም ውሃ ላይ ይለቀዋል። ሥራው ቢበዛ ጥቂት ቀን ነው። ደንገሉ እዚያው ይበቅላል፤ ሙያውም ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። ለታንኳ ብሎ ገንዘብ የሚመድብ መንግሥት የለም።

አሁን የምንነግራችሁ ግን ስለ ሌላ ዓይነት መርከብ ነው። አንዱን ሠርቶ ለመጨረስ አሥር ዓመት ያህል ይፈጃል። በሺህ የሚቆጠር ሰው ይረባረብበታል። ገበያ ወጥቶ አይሸጥም፤ ገዢው አንድ ብቻ ነው፣ እሱም መንግሥት ነው። እንዲህ ያለውን መርከብ እየሠራች የምትኖር አንዲት ከተማ አለች። የሷን ነገር ብናውቅ የመንግሥት ገንዘብ ለአንድ አካባቢ ሥራ እንዴት እንደሚሰጥና እንዴት እንደሚነሣ ይገባናል።

ከዚህ በታች የምታነቡት ዓመት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። በኛ ለማወቅ የፈለገ ሰባት ወይም ስምንት ይቀንስ። ሒሳብ መለማመጃም ይሆናል።

ከተማይቱ ባሮው ትባላለች። በእንግሊዝ አገር፣ በሰሜን ምዕራብ በኩል፣ የመሬት ጫፍ ላይ ያለች የባሕር ዳር ከተማ ናት። ከ1840ዎቹ በፊት ትንሽ መንደር ነበረች። ባካባቢዋ ለብረት የሚሆን ድንጋይ ተቆፈረ፣ ባቡር ገባ፣ የብረት ማቅለጫ ቆመ። ብረትና ባሕር ባንድ ቦታ ሲገናኙ መርከብ መሥራት ተከተለ። የመርከብ መሥሪያው ኩባንያ በ1871 ተቋቋመ። በ1897 ቪከርስ የሚባለው የጦር መሣሪያ ድርጅት ገዛው። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል የመጀመሪያው ሰርጓጅ መርከብ በ1901 ውሃ የነካው እዚሁ ነው። በኑክሌር ኃይል የሚሄደው የመጀመሪያው የእንግሊዝ ሰርጓጅም በ1960 ከዚሁ ወጣ።

ሰርጓጅ መርከብ ማለት ምን ማለት ነው? አንድ ባዶ ቅል አፉን ደፍናችሁ ውሃ ላይ ብትጥሉት ይንሳፈፋል። ውሃ ብትሞሉት ደግሞ ይሰጥማል። ሰርጓጁም እንዲሁ ነው። ትልልቅ ጋኖች አሉት። ጋኖቹ ውሃ ሲሞሉ ይሰርጋል፤ በታመቀ አየር ውሃው ተገፍቶ ሲወጣ ደግሞ ወደ ላይ ይመጣል። ልዩነቱ ቅሉ ውስጥ ሰው የለም፤ እዚህ ግን መቶ ያህል ሰው ለወራት ይኖርበታል። አስትዩት የሚባለው ዓይነት ርዝመቱ 97 ሜትር ነው። ክብደቱ ከ7 ሺህ ቶን ይበልጣል፣ ይኸውም ከ70 ሺህ ኩንታል በላይ ማለት ነው። ነዳጁን ሳይለውጥ 25 ዓመት እንዲሄድ ተብሎ የተሠራ ነው። ባሕር ሥር ውሃው ከየአቅጣጫው ስለሚጫነው አንዲት የተበላሸች ብየዳ ሁሉን ልትገድል ትችላለች። ስለዚህ ብየዳው በዓይን ብቻ አይታይም፤ ሐኪም አጥንት እንደሚያነሣ በራጅ ይመረመራል።

እንዲህ ያለውን ነገር ሜዳ ላይ መሥራት አይመችም። ቀድሞ መርከብ የሚሠራው ተዳፋት ላይ ነበር፤ ዝናብና ንፋስ ይመታዋል፣ ሲያልቅም ተንሸራትቶ ባሕር ይገባል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የእንግሊዝ መንግሥት የኑክሌር ሚሳይል የሚሸከሙ አራት ትልልቅ ሰርጓጆች እንዲሠሩለት ወሰነ። ለነሱ አሮጌው ቦታ አልበቃም። ታዲያ ምን ተደረገ? የወደቡ የአንደኛው የውሃ ገንዳ ከፊሉ ከሁለት ሚሊዮን ቶን በላይ አሸዋ ተሞላና መሬት ሆነ። በላዩ ላይ በ1986 አንድ አዳራሽ ቆመ። ርዝመቱ 260 ሜትር፣ ወርዱ 58 ሜትር፣ ቁመቱ 51 ሜትር ነው። እስቲ አባዙት፤ ወለሉ አንድ ሄክታር ተኩል ይመጣል። ስድስት ጥማድ መሬት በጣሪያ ተሸፈነ ማለት ነው። ቁመቱ ትልቅ ባሕር ዛፍ ሁለት ጊዜ ቢቆም ነው። ያለቀው ሰርጓጅ ከውስጥ በሐዲድ ላይ ይወጣል፤ ከዚያም ትልቅ መድረክ ላይ ተቀምጦ ቀስ ተብሎ ውሃ ውስጥ ይወርዳል።

መሠረተ ልማት የሚባለው ይኸ ነው። አዳራሹ፣ መድረኩ፣ ክሬኑ፣ የጠለቀው ወደብ ሁሉ። እነዚህ ከሌሉ ሺህ በያጅ ቢሰበሰብ ምንም አይሠራም። እነዚህን ለማቆም ደግሞ ገንዘቡ ብዙ፣ ትርፉ የሚታየው ከስንት ዓመት በኋላ ነው። ነጋዴ ብቻውን አይደፍረውም። መሥሪያው ከ1977 እስከ 1986 የመንግሥት ንብረት ነበር፤ በ1986 ወደ ግል ዞረ። ከዚያ ወዲህ ባለቤቱ ተቀያይሯል። ገዢው ግን ያው መንግሥት ነው።

በነገራችን ላይ ያገራችን ባሕር ኃይል ምፅዋ በነበረበት ጊዜ ትልቁ መርከቡ «ኢትዮጵያ» ይባል ነበር። እሱም በ1962 ከአሜሪካ የመጣ ነው። መርከብ መያዝና መርከብ መሥራት በጣም ይራራቃሉ።

ወደ ባሮው እንመለስ። በ1980ዎቹ መጨረሻ መሥሪያው ከ13 ሺህ በላይ ሠራተኛ ነበረው። በያጁ፣ ቧንቧ ገጣሚው፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው፣ ነዳፊው፣ ጠራጊው ሁሉ ከዚያ ይበላል። ዳቦ ጋጋሪውና ባለ ሱቁም የሚኖረው የሠራተኛው ደመወዝ ሲወጣ ነው። ከዚያ በ1991 ሶቭየት ኅብረት ፈረሰች። ምዕራባውያን መንግሥታት ለጦር የሚያወጡትን ቀነሱ። አዲስ ትእዛዝ ቀረ። በ1990ዎቹ አጋማሽ የሠራተኛው ቁጥር ከግማሽ በታች ወርዶ ነበር።

ባንድ በሬ የሚያርስ ገበሬ ምን እንደሚያደርግ እናንተ ከኛ ይበልጥ ታውቃላችሁ። ከጎረቤቱ ጋር መቀናጆ ይገባል። ባሮው ግን የመሬት ጫፍ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ መሥሪያውን የሚያህል ሌላ ፋብሪካ ባጠገቧ የለም። በሬዋ ሲተኛ የምትቀናጀው አላገኘችም። ወጣቱ ወጣ፣ ቤት ዋጋ አጣ። እስከ ዛሬ ድረስ ከከተማይቱ ሰፈሮች አንዳንዶቹ በእንግሊዝ አገር እጅግ ድሃ ከሚባሉት ውስጥ ይቆጠራሉ።

ጉዳቱ የሠራተኛው ብቻ አልነበረም። መንግሥትም ከፍሎበታል። በ1997 አስትዩት የተባሉት አዲስ ሰርጓጆች ታዘዙ። ሥራው ሊጀመር ሲል ሙያተኛው የለም! ያ ሁሉ የተባረረ ሰው ጡረታ ወጥቷል፣ ወይ ሌላ አገር ሄዷል፣ ወይ ሌላ ሥራ ይዟል። በችግር ጊዜ ዘሩን የበላ ገበሬ ዝናብ ሲመጣ የሚሆነው ነገር ሆነ። የመጀመሪያው አስትዩት በ2005 ይደርሳል ተብሎ ነበር፤ ባሕር ኃይሉ የተረከበው ግን በ2010 ነው። ወጪውም ከታሰበው በጣም አለፈ። በመካከሉ ሰርጓጅ ከሚሠራ የአሜሪካ ኩባንያ ባለሙያዎች መጥተው ማገዝ ነበረባቸው።

ከዚያ በኋላ መንግሥት ሥራው እንዳይቋረጥ ማድረግ ያዘ። አንዱ ሳያልቅ ሌላው ይጀመራል። በ2016 የእንግሊዝ ምክር ቤት በ472 ድምፅ ለ117 ድምፅ አራት አዲስ የሚሳይል ሰርጓጆች እንዲሠሩ ደገፈ። የተገመተው ወጪ 31 ቢሊዮን ፓውንድ ነው፤ ቢጎድል ተብሎ ሌላ 10 ቢሊዮን በመጠባበቂያ ተይዟል። የሠራተኛው ቁጥር እንደገና ከ10 ሺህ አለፈ። አሁን ደግሞ ተቃራኒው ችግር መጣ፤ ሥራ አለ፣ ሰው የለም። መሐንዲስ ልጆቹን ይዞ እንዲመጣ ቤት፣ ሐኪም፣ ትምህርት ቤት፣ መንገድ ይፈልጋል። ስለዚህ መንግሥት በ2024 ለከተማይቱ ማሻሻያ በአሥር ዓመት የሚከፈል 200 ሚሊዮን ፓውንድ እንደሚሰጥ አስታወቀ።

እስቲ 31 ቢሊዮንን ለ200 ሚሊዮን እናካፍል። መልሱ 155 ነው። ለሰርጓጆቹ 155 ፓውንድ ሲወጣ ለከተማይቱ 1 ፓውንድ ይወጣል ማለት ነው። በርግጥ 31 ቢሊዮኑ ሁሉ ባሮው ውስጥ አይቀርም፤ ለሌላ ከተማ ፋብሪካዎችም ይሄዳል። ቢሆንም ልዩነቱ አስገርሞናል። ይኸ ከተማ ከ100 ዓመት በላይ ሲሠራ ኖሯል። የድሮ መርከቦች ሙቀት እንዳያልፍ አስቤስቶስ በሚባል ቃጫ መሳይ ማዕድን ይሸፈኑ ነበር። ብናኙ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ከስንት ዓሥርት ዓመታት በኋላ ነቀርሳ ያመጣል፤ በዚህ በሽታ ከሞቱት ሰዎች ብዛት አንጻር ባሮው በእንግሊዝ አገር ከፊተኞቹ ናት።

ይህን ያህል ገንዘብ ለጦር መሣሪያ መዋሉን የሚቃወሙ ብዙ ናቸው። ከመሥሪያው ሠራተኞች መካከልም ነበሩ። በ1987 የሠራተኛ ማኅበር ሰዎች ያሉበት አንድ የባሮው ኮሚቴ ጥናት አወጣ። ይኸው እጅ፣ ይኸው አዳራሽ ከባሕር ማዕበል ኤሌክትሪክ የሚያወጣ መኪና መሥራት ይችላል አለ። አልተሰማም። እኛ ስናስበው ሐሳቡ ቂላቂል አልነበረም፤ የጠየቀውም በሬው ሳይተኛ በፊት ነበር። የቸገረው ሌላ ነው፦ ለሰርጓጅ ገንዘቡን ይዞ የቆመ ገዢ አለ፣ ለማዕበል መኪና ግን ያን ጊዜ ማንም አልነበረም። ሠራተኛ ሙያውን ሊቀይር ይችላል፤ ገዢ መፍጠር ግን ከሱ አቅም በላይ ነው።

አሁን ተመሳሳይ ነገር አውስትራሊያ ውስጥ ተጀምሯል። አዴላይድ የምትባለው ከተማ አጠገብ የነበረው ትልቁ የመኪና ፋብሪካ በ2017 ተዘጋ፤ ብዙ ሠራተኛም ወጣ። በ2023 አውስትራሊያ ከእንግሊዝና ከአሜሪካ ጋር ሆና በኑክሌር ኃይል የሚሄዱ ሰርጓጆች እዚያው አካባቢ፣ ኦስቦርን በሚባል ቦታ፣ እንደምትሠራ አስታወቀች። ለመሥሪያው መነሻ ቢያንስ 2 ቢሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ተመደበ። መሥሪያውን ራሱን ለመገንባት እስከ 4 ሺህ ሰው፣ በኋላም ሰርጓጆቹን ለመሥራት ከ4 ሺህ እስከ 5,500 ሰው ያስፈልጋል ተብሏል። የመጀመሪያው ሰርጓጅ የሚጠበቀው በ2040ዎቹ መጀመሪያ ነው። ከሚበይዱት ብዙዎቹ ዛሬ ገና ተማሪ ቤት ናቸው። ለዚህ ነው ከመሥሪያው ጋር አብሮ የሙያ ማሠልጠኛ የታቀደው።