ተራራ የማያግደው መልእክት

እ.ኤ.አ. በ2015 ኔፓል በመሬት መንቀጥቀጥ በተመታች ጊዜ የአማተር ሬዲዮ ሰዎች መልእክት በማቀባበል ረድተዋል። የእጅ ሬዲዮ ግን ኃይሉ 5 ዋት ያህል ብቻ ነው፤ ተራራም ይጋርደዋል። ታዲያ በሸለቆ ያለ ሠራተኛ ቁስለኛ ማግኘቱን በምን ያሳውቅ?

መፍትሔው በመኪና የሚጫን አቀባባይ ሬዲዮ ነው። መኪናው ከፍ ባለ ስፍራ ይቆማል። ሬዲዮው በ430 ሜጋኸርዝ ክልል ከሸለቆው የሰማውን ወዲያው በ145 ሜጋኸርዝ ለጣቢያው ያሰማል፤ መልሱንም እንዲሁ ያደርሳል። ሁለቱ ሞገዶች የተራራቁ በመሆናቸው ማስተላለፊያው መቀበያውን አያደነቁረውም፤ ትልልቅ ማጣሪያም አያስፈልግም።

ስትሠሩት አስቀድማችሁ ሬዲዮው ሁለቱን ሞገዶች የሚያቀባብል መሆኑን አረጋግጡ። ሽቦውን ከባትሪው በፊውዝ በኩል አገናኙ። ለሁለቱም ሞገዶች የሚሆን አንቴና በመኪናው ጣሪያ መካከል ትከሉ። ሬዲዮው ብዙ ሲያስተላልፍ ስለሚግል ኃይሉን ዝቅ አድርጉ። ባዕድ ጫጫታ እንዳያስነሣው መለያ ድምፅ መድቡለት። ያለ መንግሥት ፈቃድ ግን አትክፈቱት።

የተወደዳችሁ ወገኖች፥ ጩኸቱ ከተራራ ማዶ የቀረበት ሰው ባልንጀራችን ነው። በየሸለቆው የሚያገለግሉትን በጸሎታችሁና በስጦታችሁ አስቡ።