ዘፈኑ ካለቀ በኋላ

ከደብረ ታቦር ወደ ነፋስ መውጫ በሚወጣ ሚኒባስ ውስጥ የተከፈተ የሰርግ ዘፈን ከበሮው ከሞተሩ በላይ ይመታል። ያው ዘፈን ወገዳ ገበያ ላይ ከአንድ ወጣት ስልክ ሲወጣ ከበሮው ይጠፋና ማሲንቆና ድምጻዊ ብቻ ይቀራሉ። የስልክ ስፒከር ትንሽ ስለሆነ ከ200 ሄርትዝ በታች ያለውን ድምፅ በደንብ ማሰማት አይችልም፤ የከበሮው ወፍራም ምት ደግሞ በአብዛኛው ከዚያ በታች ነው። ሚኒባሱንም ስልኩንም አስቀድሞ አስቦ ዘፈኑን ለሁለቱም የሚያዘጋጀው የመጨረሻው ሥራ ማስተሪንግ ይባላል።

ስቱዲዮ ውስጥ ድምጻዊው፣ ማሲንቆው፣ ዋሽንቱ፣ ኪቦርዱና ከበሮው በየራሳቸው መስመር ይቀዳሉ። ሚክስ የሚሠራው ሰው እነዚህን አመጣጥኖ ግራና ቀኝ ወደሚባሉ ሁለት መስመሮች ያጠቃልላቸዋል። ማስተሪንግ የሚሠራው ባለሙያ የሚረከበው ይህንኑ ያለቀ ድምፅ ነውና ማሲንቆውን ለብቻው ብድግ ማድረግ አይችልም። ጥርት እንዲል 3,000 ሄርትዝ አካባቢ ቢጨምርለት፣ የድምጻዊው «ሸ» አብሮ ይሾላል። የሰው ጆሮ ከ2,000 እስከ 5,000 ሄርትዝ ባለው ክልል እጅግ ንቁ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ ማብዛት ጆሮ ይወጋል። የከበሮውን ነገር የሚፈታውም በዘዴ ነው፤ ባሱን ዝም ብሎ ከመጨመር ይልቅ ከምቱ በላይ ያሉትን ተከታይ ድምፆች ያጎላቸዋል፤ በስልክም ቢሆን ጆሮ እነሱን ይዞ የጎደለውን ምት ራሱ ይሞላዋል።

ይህን የማስተሪንግ ሥራ ሚክሱን የሠራው ሰው ራሱ ለምን አይጨርሰውም? የቤተ ክርስቲያን ዜማ ለሚያውቅ የጋይንት ሰው መልሱ እንግዳ አይደለም። የቅዱስ ያሬድን ድጓ በየትኛውም ደብር የተማረ ሰው ጋይንት ቤተልሔም ሄዶ ያስመሰክራል፤ ዝማሬና መዋሥዕት ደግሞ እዚያው ጋይንት፣ ዙር አምባ ይመሰከራል። ትምህርቱን ሌላ መምህር እንደገና ሰምቶ ያርመዋል። ሚክስ የሠራውም ሰው አንዱን ዘፈን ለቀናት ደጋግሞ ሲሰማ ጆሮው ጉድለቱን ይለምደዋል። የሚሠራበት ክፍል ባስ የሚያጎላ ከሆነ ሳያውቀው ባሱን ይቀንሳል፤ ዘፈኑም ሌላ ቦታ ሲከፈት ቀጭን ይሆናል። ስለዚህ ሌላ ክፍል፣ ሌላ ጆሮ ያስፈልጋል።

በዚህ ሙያ እጅግ የሚያሳስበኝ የጩኸቱ ነገር ነው። ዲጂታል ድምፅ ዜሮ ዴሲቤል የሚባል ጣሪያ አለው፤ ከዚያ ካለፈ ይቆረጣል፣ ይሰነጠቃል። ሊሚተር የሚባለው መሣሪያ ከፍ ከፍ ያሉትን ምቶች ጣሪያው ሥር ያስጎነብሳቸውና የቀረውን ሁሉ ወደ ላይ ይገፋል። በልኩ ሲሠራ ዘፈኑ ይጠነክራል፤ ሲበዛ ግን ዝግታውና ብርታቱ እኩል ይሆናል። በዋሽንት ብቻ የሚጀምርን ዘፈን አስቡ። ከበሮውና ጭብጨባው ሲገባ ትከሻ የሚነሳው በመካከላቸው ልዩነት ስላለ ነው። ሊሚተሩ ዋሽንቱን እስከ ከበሮው ድረስ ካስጮኸው እስክስታው መነሻ ያጣል። ደግሞም ትርፍ የለውም፤ ዩቲዩብና ስፖቲፋይ ሉፍስ በሚባለው መለኪያ ከጣሪያው 14 ያህል ዝቅ ወዳለ አማካይ ልክ እያወረዱ ነው የሚያጫውቱት። የተጨፈለቀው ዘፈን ድምፁ ይወርድለታል፣ መጨፍለቁ ግን ይቀራል።

ቀድሞ የድምፁን ወሰን የሚያበጀው ሸክላው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 በተመሠረተው በአምሃ እሸቴ ኩባንያ፣ በአምሃ ሪከርድስ፣ የወጡት ሸክላዎች ውጭ አገር ነበር የሚታተሙት፤ ባስ ከበዛ መርፌው ከመስመሩ ስለሚዘል ሸክላውን የሚቆርጠው ባለሙያ ባሱን መገደብ ነበረበት። በካሴት ዘመን ደግሞ ከክር ወደ ክር በተገለበጠ ቁጥር ቀጭኑ ድምፅ እየጠፋ የክሩ ሹክሹክታ እየጨመረ ሄደ።

የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ ሆኖ በአኮርዲዮንና በሲንተሳይዘር የሠራው «ሸሞንሟናዬ» አልበም በካሴት ነበር የወጣው። ብራያን ሽምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ አንድ ቅጂ ባሕር ዳር አግኝቶ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና አሳተመው፤ አርቲስቱም በዋሽንግተን ታክሲ ከመንዳት ወደ ዓለም መድረክ ተመለሰ። ከካሴት የሚነሳ ሥራ የራሱ ጣጣ አለው። የቴፑ ፍጥነት 6 በመቶ ያህል ከተዛባ ዜማው ግማሽ ድምፅ ይወጣል ወይም ይወርዳል፤ መጀመሪያ የሚታረመው እሱ ነው። ሹክሹክታውን ማጥፋት ይበልጥ ያስፈራል። የማሲንቆው ደጋን ጭራውን ሲፈትግ የሚሰጠው ድምፅና የዋሽንቱ ትንፋሽ ያሉት እዚያው ሹክሹክታው ውስጥ ነውና፣ ጨርሶ ያጸዳ ባለሙያ ከተጫዋቹ እስትንፋስ ጋር ነው የሚያጠፋው። ጥቂት ሹክሹክታ ቢቀር እመርጣለሁ።

እስቴ ወይም ስማዳ ላይ በአንዲት ኮምፒውተር የአዝማሪ ዜማ የሚቀዱ ወጣቶች ሚክሳቸውን ለማስተሪንግ ሲልኩ ሊሚተሩን አንስተው፣ ከጣሪያው በታች ጥቂት ዴሲቤል ትተው፣ በባለ 24 ቢት ዌቭ ፋይል ይላኩት፤ ኤምፒ3 የጣለውን ድምፅ ማንም አይመልሰውም። ማስተሩ ከመጣ በኋላም ሚክሱን አይሰርዙት፤ ሁለተኛ ቅጂ አድርገው በሌላ ዲስክ ያስቀምጡት። የተጨፈለቀ ማስተር ወደ ሚክስ አይመለስም፣ ከሚክሱ ግን ወደፊት ለሚመጣው ማጫወቻ ሁሉ አዲስ ማስተር ማውጣት ይቻላል።