የማይረጋውን ማርጋት፦ ስለ ፕሮቲን ክሪስታል

ክሪስታል ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ቡፌ ውስጥ የሚደረደረው የሚያብረቀርቅ ብርጭቆ ነው። እሱ እንኳ በሳይንሱ ቋንቋ ክሪስታል አይባልም። ጨው ግን ክሪስታል ነው፤ ስኳርም እንደዚያው። ማር ሲቆይ ረግቶ ጥርስ ላይ አሸዋ አሸዋ የሚለውም ውስጡ ያለው ስኳር ክሪስታል ስለሠራ ነው። ነገሩ ባጭሩ፣ አንድ ዓይነት ሞለኪውሎች ሰልፍ እንደያዘ ወታደር በአንድ ሥርዓትና በእኩል ርቀት ተደርድረው ሲቆሙ ክሪስታል ይባላሉ።

"የጋዜጠኝነት ተማሪን ከዚህ ጋር ምን አገናኘው?" የሚል አይጠፋም። ዶርም ውስጥም ተብያለሁ። መልሴ ይኸውና፦ የሳይንስ ዜና ሲቀርብልን ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት የሚሉት ጥያቄዎች ይመለሳሉ። "እንዴት" የሚለው ግን ብዙ ጊዜ "ሳይንቲስቶች አረጋገጡ" በሚል ሐረግ ተሸፍኖ ያልፋል። እኔ ደግሞ አንባቢ የሚማረውም የሚታለለውም እዚያች ቦታ ላይ ነው ባይ ነኝ። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. የ1988ን የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት እንውሰድ። ሦስት ጀርመናውያን፣ ሐርትሙት ሚሼል፣ ዮሐን ዳይዘንሆፈርና ሮበርት ሁበር፣ የብርሃን አስተጻምሮ (ፎቶሲንተሲስ) ማዕከል የሆነ ፕሮቲንን ቅርጽ በማወቃቸው ተሸለሙ። ዜናው ይኸው ነው። ግን በዓይን ቀርቶ በተራ ማይክሮስኮፕ የማይታይን ነገር ቅርጽ እንዴት አወቁት?

ፕሮቲን በጣም ትንሽ ስለሆነ ተራው ብርሃን አተሞቹን ለይቶ ሊያሳየን አይችልም። የራጅ ጨረር ግን የሞገዱ ርዝመት በአተሞች መካከል ካለው ርቀት ጋር ስለሚቀራረብ ይችላል። ችግሩ አንድ ሞለኪውል ብቻውን የሚበትነው ጨረር እዚህ ግባ የሚባል አለመሆኑ ነው። ስታዲየም ውስጥ አንድ ሰው ብቻውን ቢያጨበጭብ ማን ይሰማዋል? ሁሉም በአንድ ምት ሲያጨበጭብ ግን ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። ክሪስታል የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ቁጥር ስፍር የሌላቸው ሞለኪውሎች ተሰልፈው በአንድ ላይ "እንዲያጨበጭቡ"። ጨረሩ በክሪስታሉ ውስጥ ሲያልፍ መቀበያው ላይ የነጠብጣብ ሰልፍ ይቀራል። ከነጠብጣቦቹ ቦታና ድምቀት፣ ከረጅም ስሌት በኋላ፣ የአተሞቹ ካርታ ይወጣል። በዚህ ዘዴ ማክስ ፔሩትዝና ጆን ኬንድሩ ካምብሪጅ ውስጥ የሄሞግሎቢንንና የማዮግሎቢንን ቅርጽ አውጥተው በ1962 ኖቤል ተሸልመዋል።

ታዲያ ሄሞግሎቢንና ማዮግሎቢን ውኃ ውስጥ የሚሟሙ ናቸው። ብርሃን የሚይዙት ፕሮቲኖች ግን ኑሯቸው ሌላ ነው። የሚኖሩት ከቅባት በተሠራ ስስ ሽፋን ውስጥ ተሰክተው ነው። ወገባቸው ቅባት ይወዳል፤ ከሽፋኑ ወጣ ያሉት ጫፎቻቸው ውኃ ይወዳሉ። ከሽፋናቸው አውጥተህ ውኃ ውስጥ ስትጨምራቸው ቅባት ወዳዱ ወገባቸው ከውኃው ለመሸሽ እርስ በርሱ ይጣበቅና እንዳልተማሰለ ገንፎ ይጓጉላሉ። ጉጉል ደግሞ ሰልፍ አይደለም። በዚህ የተነሳ እስከ 1970ዎቹ መጨረሻ ድረስ ከሙያው ሰዎች ብዙዎቹ "የሽፋን ፕሮቲን ክሪስታል አይሠራም" ብለው ደምድመው ነበር።

ፕሮቲኑን ከሽፋኑ ለማውጣት የሚያስፈልገው ሳሙና መሰል ነገር ነው። ይህን እኛ አገር ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያሻም። እንዶድ ልብስ የሚያጥበው ሳፖኒን የሚባል ቅባትንም ውኃንም የሚይዝ ነገር ስላለው ነው፤ ከሳፖኒን ወገን የሆነው ዲጂቶኒን ደግሞ በነዚህ ላቦራቶሪዎች ውስጥ የታወቀ ዕቃ ነው። ሳሙናው የፕሮቲኑን ወገብ እንደ መቀነት ይጠመጥመዋል፤ ፕሮቲኑም ሳይጓጉል ውኃ ውስጥ ይቆማል። ግን መቀነቱ ራሱ ሌላ ጣጣ ያመጣል። ክሪስታል እንዲሠራ ፕሮቲኖቹ እርስ በርስ መነካካት አለባቸው፣ መቀነቱ ደግሞ ያራርቃቸዋል።

ሚሼል የገባው እዚህ ላይ ነው። ቅባቱ የወጣለትን ባክቴሪዮሮዶፕሲን የተባለ የሽፋን ፕሮቲን ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጦ ሲያየው ብርጭቆ የመሰለ ጠጣር ነገር ሠርቶ አገኘው። ክሪስታል አልነበረም፤ ግን "ይህ ነገር ሊረጋ ይችላል" የሚል እምነት አሳደረበት። በኋላ ባክቴሪዮሮዶፕሲኑ ለራጅ የሚበቃ ክሪስታል አልሰጥ ሲለው ሮዶፕሴዶሞናስ ቪሪዲስ ወደምትባል ባክቴሪያ ዞረ። ይቺ ባክቴሪያ በብርሃን የምትኖር ናት፤ እንደ ቅጠል ግን ኦክስጅን አታወጣም። ፕሮቲኗ ባለቀለም መሆኑም ይጠቅማል፤ ሲበላሽ ቀለሙ ስለሚለወጥ ወዲያው ይታወቃል።

የአሠራሩን ነገር ትንሽ ላብራራው፤ ለእኔ ከሁሉ የጣመኝ እሱ ነው። ፕሮቲኑ፣ ሳሙናውና ጨው ያለበት ትንሽ ጠብታ ይዘጋጃል። ከጎኑ ጨው የበዛበት ውኃ ይቀመጥና ሁለቱ አንድ ላይ ይከደናሉ። ከጠብታው ውኃው ቀስ እያለ ይተንና ወደ ጨዋማው ይሄዳል። ጠብታው እየጠበበ፣ ፕሮቲኑ እየተጨናነቀ ይመጣል። መጨናነቁ ከፈጠነ ጉጉል ይሆናል፤ ከዘገየ ምንም አይሆንም። በልኩ ሲሆን ክሪስታል ያቆጠቁጣል። የሚሼል ጨው አሞኒየም ሰልፌት ነበር፤ ማዳበሪያ ሆኖ የሚሸጠው ማለት ነው። የእሱ ዋና ብልሃት ግን ሄፕቴን ትራዮል የምትባል ትንሽ ሞለኪውል መጨመሩ ነው። እሷ መቀነቱ ውስጥ ገብታ ታሳጥረዋለች፤ የፕሮቲኑ ጫፎችም ይገናኛሉ። ክሪስታሉ በሐምሌ 1981 ተገኘ።

ከዚያ ሥራው ማርቲንስሪድ በሚገኘው የማክስ ፕላንክ ተቋም በሁበር ክፍል ለነበረው ለዳይዘንሆፈር ደረሰ። ከ10,000 በላይ አተሞች የየራሳቸውን ቦታ አገኙ። ካርታው ሲወጣ አንድ የሚገርም ነገር ታየ። ብርሃን ሲመታው ኤሌክትሮን የሚጓዝባቸው ሁለት መንትያ የሚመስሉ መንገዶች አሉ፤ ኤሌክትሮኑ ግን ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል በአንደኛው ብቻ ይሄዳል። ያውም የመጀመሪያውን ጉዞ የሚጨርሰው በሦስት ትሪሊዮንኛ ሰከንድ ገደማ ነው።

በሩ አንዴ ከተከፈተ በኋላ ሌሎቹም ተከተሉ። በ2001 በርሊን ውስጥ ፎቶሲስተም አንድ የተባለው ግዙፍ ፕሮቲን ዝርዝር ቅርጹ ታወቀ፤ አንዱ ክፍል ብቻ 96 ክሎሮፊል ይዟል። የሚያስቀው፣ ይህኛው ክሪስታል የሚሠራው ጨው ሲጨመርበት ሳይሆን ሲቀነስበት ነው። እንግዲህ አንድ የምግብ አሠራር ለሁሉም አይሠራም ማለት ነው። በ2011 ደግሞ የጃፓን ተመራማሪዎች የፎቶሲስተም ሁለትን ጥርት ያለ ካርታ አወጡ። ውኃን ሰንጥቆ የምንተነፍሰውን ኦክስጅን የሚያወጣው ቦታ ላይ አራት ማንጋኒዝ፣ አንድ ካልሲየምና አምስት ኦክስጅን አተሞች ቁጭ ብለው ታዩ።

ዛሬ ፕሮቲንን ያለ ክሪስታል፣ በረዶ ውስጥ አቀዝቅዞ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ማየት ስለሚቻል "ክሪስታል ማብቀል አለቀለት" የሚሉ አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። በረዶ ቆሞ የቀረን ነገር ያሳያል፤ ውኃ ሲሰነጠቅ ለማየት ግን እንቅስቃሴውን መከተል ያስፈልጋል። አሜሪካ ካሊፎርኒያ ባለው የራጅ ሌዘር እጅግ ደቃቅ ክሪስታሎችን መጠቀም የተቻለውም ለዚህ ጠቅሟል። የሌዘሩ ብልጭታ ከማጠሩ የተነሳ ክሪስታሉ ሳይፈርስ በፊት ምስሉ ይወሰዳል፤ ክሪስታሉ ወዲያው ይጠፋል፣ ሌላው ይተካል። በ2023 የወጣ ጥናት በዚህ መንገድ ኦክስጅን ከመውጣቱ በፊት ያሉትን የመጨረሻ እርምጃዎች ለመከተል ችሏል። ደቃቆቹን ክሪስታሎች የያዙት ጠብታዎች በሚንቀሳቀስ ቀበቶ ላይ እየተጫኑ፣ መንገድ ላይ በብርሃን እየተመቱ፣ አንድ በአንድ ወደ ጨረሩ ይገባሉ።