«አንቺስ እንዴት ነሽ?» የማንላት አስታማሚ

ሰሞኑን አንዲት የ13 ዓመት ልጅ የሚጥል በሽታ ያለበትን ታናሽ ወንድሟን ይዛ ለቀጠሮ መጣች። (ማንነታቸው እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ።) እናትየውም አብራ ነበረች፤ ግን የምትመልስልኝ ልጅቷ ናት።

«ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ ይወስዳል። በዚህ ወር ሁለቴ ጥሎታል፤ አንዴ ኪኒኑ አልቆብን ነው።»

እናትየው «እኔ ሥራ ውዬ ነው የምገባው ዶክተር፣ የምታውቀው እሷ ናት» አለችኝ።

«አንቺስ እንዴት ነሽ?» ስላት ዝም አለች። ቆይታ «ማታ እንቅልፍ አይወስደኝም። ተኝቼ ቢጥለውስ?» አለች።

እንዲህ ያለችውን ልጅ «ጎበዝ፣ የእናቷ ቀኝ እጅ» እንላታለን። ይገባታል! ግን ልጅ መሆኗንም አንርሳ። እንቅልፍ ካጣች፣ ክፍል ውስጥ ካንቀላፋች፣ ከጓደኞቿ ከራቀች፣ ሆዷን ወይም ራሷን ቶሎ ቶሎ ካመማት፣ «በኔ ጥፋት ነው» ካለች ሸክሙ በዝቶባታል ማለት ነው።

ወላጆች ምን እናድርግ?

✅ አስረዷት። የሚጥል በሽታ የአንጎል ሕመም ነው። አይተላለፍም፤ እሷ ስለተኛች ወይም ስለተቆጣችው አልመጣም።

✅ ሲጥለው ምን እንደምታደርግ አሳዩአት። ሰዓት ታያለች፣ ጭንቅላቱ ሥር ለስላሳ ነገር ታደርጋለች፣ መንቀጥቀጡ ሲቆም በጎኑ ታስተኛዋለች፣ አዋቂ ትጠራለች። ክብሪት ማሽተት፣ አፉ ውስጥ ማንኪያ መክተት፣ አጥብቆ መያዝ የለም! 5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከደገመው በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

✅ ኪኒኑ የአዋቂ ኃላፊነት ይሁን። ሳያልቅ ይገዛ። ጸበል የምትወስዱትም ብትሆኑ መድኃኒቱን አታቋርጡ፤ ድንገት ማቆም ከባድና ተደጋጋሚ መጣል ያመጣል።

✅ የሌሊቱን ጥበቃ ከሷ ላይ አንሱላት። በሳምንት ጥቂት ሰዓት አክስት ወይም ጎረቤት ይተካትና ትጫወት፣ ታጥና።

✅ ለአስተማሪዋ ንገሩ። በሽታውን ስንደብቅ ልጅቷ «ሰነፍ» ትባላለች።

እናትየው ይህን ሁሉ ሰምታ «ከዛሬ ማታ ጀምሮ እኔ ጋ ይተኛል» አለች። ልጅቷ ምንም አላለችም፤ ትከሻዋ ግን ዝቅ ሲል አይቻለሁ።

እናንተም በሽተኛ ልትጠይቁ ስትሄዱ ጥግ ላይ ቆማ ቡና የምታቀርበውን ልጅ «አንቺስ?» በሏት።

ለሚያስፈልገው ሰው ሼር አድርጉ።