ረጅሙ ካክተስ በመስኮታችን ሥር

በሀገራችን ተዳፋት ስፍራዎች ቅርንጫፎቹን ወደ ላይ ዘርግቶ የሚታየውን ቁልቋል ብዙዎቻችን ከካክተስ እንቆጥረዋለን። ይሁን እንጂ ቁልቋል የዩፎርቢያ ወገን ሲሆን፣ ሲቆረጥ ነጭ መርዛማ ወተት ያፈስሳል። ካክተሶች በተፈጥሮ የሚበቅሉት፣ ከአንድ ዝርያ በስተቀር፣ በአሜሪካ አህጉራት ብቻ ነው። የባሕር ቁልቋል እውነተኛ ካክተስ ነው፤ ከባሕር ማዶ መምጣቱንም ስሙ ይመሰክራል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ሴሬየስ የተባለውን ዓምድ መሰል ካክተስ ነው። ይህ ተክል በትውልድ ስፍራው በደቡብ አሜሪካ እስከ 10 ሜትር ሊረዝም ይችላል፤ በቤት ውስጥና በመስታወት ቤትም ይተከላል።

አብዛኞቹ ዕፅዋት ቀን ቀን የአየር ቀዳዳዎቻቸውን ከፍተው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲያስገቡ፣ በዚያው ውኃ በትነት ያጣሉ። ካክተስ ግን ቀዳዳዎቹን የሚከፍተው አየሩ በሚቀዘቅዝበት ሌሊት ነው። ያስገባውን ጋዝ በማሊክ አሲድ መልክ ያከማቻል፤ ሲነጋም ቀዳዳዎቹን ዘግቶ በፀሐይ ብርሃን ኃይል ወደ ስኳር ይለውጠዋል። ስለዚህ በጥቂት ውኃ ይኖራል፤ ያለ በቂ ብርሃን ግን ሊኖር አይችልም።

በቤት ውስጥ የሚደርስበት ጉዳትም ከዚሁ ይመነጫል። ከመስኮት ጥቂት ሜትሮች ስንርቅ የብርሃኑ መጠን በእጅጉ ይቀንሳል። ያን ጊዜ የተክሉ ጫፍ ይገረጣል፣ ይቀጥናል፣ ወደ መስኮቱም ይጎብጣል። ውኃ የመጠቀም አቅሙ ስለሚደክም አፈሩ እንደረጠበ ይቆያል፤ ሥሩም አየር አጥቶ ይበሰብሳል። በሌላ አነጋገር፣ ውኃ በዛ የምንለው ብዙውን ጊዜ ብርሃን አነሰ ማለት ነው።

እንግዲህ ተክሉን ከመስኮቱ አጠገብ ማኖር፣ በየጊዜው ማዞር፣ ሸካራ አሸዋ በበዛበት አፈርና ከሥሩ ቀዳዳ ባለው የሸክላ ማሰሮ መትከል ይገባል። ውኃ የሚጠጣው አፈሩ ፈጽሞ ሲደርቅ ነው። ከጥላ ወደ ፀሐይ የሚወጣውም ቀስ በቀስ ነው፤ አለዚያ ቆዳው ይቃጠላል። የቀጠነው ክፍል ሙሉ በሙሉ ወደ ቀድሞ ውፍረቱ ስለማይመለስ፣ በላዩ የሚያድገው ክፍል ሲከብድ ከዚያው ሊሰበር ይችላል። መፍትሔው ከቀጠነው በታች መቁረጥ ነው። ጤናማ ቁራጭ ካለ፣ ቁስሉ እስኪጠግ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት በጥላ አድርቀን ብንተክለው ሥር ያወጣል።

በአውሮፓ የተጻፉ መመሪያዎች ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ውኃ መቀነስን ይመክራሉ፤ በዚያ ጨለማው ወቅት ይህ ነውና። በአዲስ አበባ ግን ብርሃን የሚያንሰው ደመና በሚከብድበት በሐምሌና በነሐሴ ነው። መመሪያውን እንዳለ የሚከተል ሰው ፀሐይ በሞላበት በጋ ተክሉን ያስጠማዋል፤ በክረምት ደግሞ ሥሩን ያበሰብሳል። ልንከተል የሚገባን የወሩን ስም ሳይሆን ብርሃኑን ነው።