ከቆጮ የተረፈው ቃጫ ወረቀት ይሆናል?

በጉራጌ፣ እምድብር ገበያ ላይ የእንሰት ቃጫ የሚገዛ ሰው ገመድ አስቦ ነው የሚገዛው፤ ርዝመቱንና ንጣቱን አይቶ፣ ሳብ ሳብ አድርጎ ይከፍላል። ወረቀት ሠሪ ቢመጣ ግን ጥያቄው ሌላ ነው። እሱ ማወቅ የሚፈልገው እያንዳንዷን የቃጫ ክር የሠሩት፣ በዓይን የማይለዩት ጭረቶች ምን ያህል ይረዝማሉ የሚለውን ነው።

ወረቀት ከእንጨት መሠራቱ የቅርብ ጊዜ ነገር ነው። ቻይናዊው ጻይ ሉን እ.ኤ.አ. በ105 ለቤተ መንግሥት ያቀረበው ወረቀት ከዛፍ ልጣጭ፣ ከአሮጌ ጨርቅና ከዓሣ መረብ የተሠራ ነበር። በእንጨት የተተካው በ19ኛው መቶ ዓመት፣ አውሮፓ ጨርቅ ሲያጥራት ነው።

አሠራሩ ግን ያው ነው። የዕፅዋትን ጭረቶች አጣብቆ የያዛቸው ሊግኒን የተባለ ሙጫ መሰል ነገር ነው። በኮስቲክ ሶዳ ሲቀቀል ሊግኒኑ ይሟሟል፤ ጭረቶቹ ይላቀቃሉ። ከዚያ ታጥበውና ተቀጥቅጠው በብዙ ውሃ ይበጠበጡና በወንፊት ላይ ይፈስሳሉ። ውሃው ሲንጠፈጠፍና ሲደርቅ ጭረቶቹ ያለ ማጣበቂያ እርስ በርስ ይያያዛሉ። በረዘሙ ቁጥር ወረቀቱ ለመቀደድ ያስቸግራል። የባሕር ዛፍ ጭረት 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የእንሰት ዘመድ የሆነው የፊሊፒንሱ አባካ ግን 6 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይደርሳል። የሻይ ከረጢት የፈላ ውሃ ውስጥ ገብቶ የማይበጣጠሰው በዚሁ በአባካ ምክንያት ነው፤ የጃፓን የብር ኖትም አባካ አለበት።

ቃጫም እንደ አባካ ግንድ ከሚመስለው የቅጠል እግር ይወጣል። የጉራጌ ሴቶች እንሰቱን ሲፍቁ ምግቡ ለቆጮ ጉድጓድ ይገባል፤ ቃጫው ይተርፋል። ለወረቀት ተብሎ የሚቆረጥ ዛፍ የለም፤ ተጨማሪ መሬትም አይጠይቅም። ቃጫን በሶዳ ቀቅሎ ፐልፕ የሚባለውን የተላቀቀ ጭረት ማውጣት እንደሚቻልም ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ሞክረው አሳይተዋል።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። እንሰት ለመፋቅ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል፤ ቃጫውም በየጓሮው የተበታተነ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 በሳይንስ የተመዘገበው የእንሰት አጠውልግ በሽታ ደግሞ አንዴ ከገባ ጓሮውን ባዶ ያደርጋል። ከሁሉ የሚያሰጋኝ ሊግኒኑ የሟሟበት ጥቁሩ የቅቅል ውሃ ነው። ትልልቅ ፋብሪካዎች አትንነውና አቃጥለው ሶዳውን መልሰው ያወጡታል፤ ትንሽ ፋብሪካ ያንን ማሽን መግዛት አይችልምና በአካባቢው ወዳለው ዋቤ ወንዝ ልልቀቀው ማለቱ አይቀርም።

ስለዚህ ከቃጫ የደብተር ወረቀት እንሥራ የሚለውን አልደግፍም። ለደብተር ሕንድና ቻይና እንደሚያደርጉት ስኳሩ ተጨምቆ የወጣለት የሸንኮራ አገዳ ገለባ ይበቃል። የወንጂ ወረቀት ፋብሪካ ግን የስኳር ፋብሪካ ጎረቤት ሆኖ ሳለ ፐልፕ ከውጭ ሲያስገባ ኖሯል። ቃጫ የሚገባው ለቀጭንና ለጠንካራ ወረቀት ነው፦ ለሻይ ከረጢት፣ ለማጣሪያ፣ በእጅ ለሚሠራ የጥሪ ካርድ። በዚህ ሥራ ልግባ የሚል ባለሀብት ካለ ማሽን ከማዘዙ በፊት እምድብር ወርዶ ቃጫውን ከሚፍቁት እናቶች ጋር በዋጋ ይነጋገር፤ ከገመድ ነጋዴው የተሻለ ካልከፈለ ቃጫውን አያገኝም።